«ብርድ ነው» ከሚለው ቃል እስከ መጀመሪያው ክኒን፦ የመገጣጠሚያ ብግነትን በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ ሳይዘገዩ ስለ ማከም

በስሜን ደጋ የመገጣጠሚያ ሕመም እንግዳ ነገር አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚወጣ ሰው ከዚያም ከፍ ወዳለ አገር ይደርሳል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ሸክሙ በጀርባ፣ ጉዞው በእግር ነው። በዚህም ምክንያት ጉልበቱን የሚቆረጥመው ገበሬም ሆነ ጣቶቿ አልታጠፍ ያሏት እናት ለሕመማቸው ማብራሪያ አያጡም፤ «ብርድ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው»፣ «ሪህ ነው» ይባላል።

ለአብዛኛው ሕመምተኛ ይህ ማብራሪያ ብዙ ጉዳት አያስከትልም። በሥራ የደከመ ጉልበት በዕረፍትና በሙቀት ይሻለዋል፤ በዕድሜ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላትም በዓመታት የሚሄድ እንጂ በወራት የሚሮጥ አይደለም። ከእነዚህ መካከል ግን ጊዜ የማይሰጥ ሕመም አለ፤ እርሱም የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ከዓይነቶቹ ዋነኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ የውስጥ ሽፋን ያጠቃል፤ ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ቀጥሎም ልም አጥንቱንና አጥንቱን እየበላ ይሄዳል። የተበላው አጥንት ወደ ቀድሞው አይመለስም። ችግሩ ሁሉም ሕመሞች በአንድ ስም መጠራታቸውና በአንድ ዓይነት ማስታገሻ ክኒን መሸኘታቸው ነው፤ አደገኛው ከማያሰጋው ጋር ተቀላቅሎ ይደበቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንደሚከተለው ነው። በአካባቢው የምርመራና የሕክምና መዘግየትን ለማሳጠር የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት እስኪመደብ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ጥያቄና አንድ የእጅ ዳሰሳ ወደ ጤና ኬላና ወደ ጤና ጣቢያ ቢወርዱ፣ በሽታው ከተረጋገጠ በኋላም ክትትሉ ለሕመምተኛው ቅርብ በሆነ ስፍራ ቢቀጥል፣ ከሚባክነው ጊዜ ብዙውን ማዳን ይቻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሚሆን ልምድም የምርምር መሠረትም አለው።

ጊዜው የሚቆጠርበት ምክንያት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር 18 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከመቶ 70 ያህሉም ሴቶች ናቸው። ይህ የኋለኛው ቁጥር በስሜን ግርጌ የራሱ ትርጉም አለው። ውኃ መቅዳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ መጋገር፣ ጥጥ መፍተል ሁሉ በጣቶችና በእጅ አንጓ የሚከናወን ነው፤ በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው እነዚህኑ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው። የአንዲት እናት እጅ ሲታሰር የቤቱ ሥራ አይቀርም፤ ወደ ሴት ልጇ ይተላለፋል፤ ልጅቱም ከትምህርት ገበታዋ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ የመዘግየቱ ዋጋ በሕመምተኛዋ አጥንት ላይ ብቻ አያበቃም።

ባለፉት አሠርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ያረጋገጡት ዋና ነገር፣ በሽታው በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ውስጥ የበሽታውን አካሄድ የሚለውጥ መድኃኒት የጀመረ ሰው፣ ዘግይቶ ከጀመረው ይልቅ ከሕመሙ የማረፍና እጁን የማዳን ዕድሉ ሰፊ መሆኑን ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባደሰው ምክረ ሐሳብ፣ መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው ሕመሙ በጀመረ በስድስት ሳምንት ውስጥ በስፔሻሊስት እንዲታይ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሀብታም አገሮችም ይህን መስፈርት አያሟሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመና አሥር የአውሮፓ ማዕከላትን ባነጻጸረ ጥናት፣ ከሕመሙ መነሻ እስከ ስፔሻሊስቱ ድረስ ያለው መካከለኛ ጊዜ 24 ሳምንት ሆኖ ተገኝቷል፤ በ12 ሳምንት ውስጥ የታዩት ሕመምተኞች ድርሻም ከማዕከል ማዕከል ከ8 እስከ 42 በመቶ ይለያይ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የስፔሻሊስት መኖር ብቻውን መዘግየትን እንደማያስወግድና ከስፔሻሊስቱ በር በፊት ያለው መንገድ ራሱን የቻለ ጥናት እንደሚገባው ነው።

መዘግየቱ የሚፈጠርባቸው አምስት ቦታዎች

መዘግየትን በጅምላ «ሕመምተኞች ዘግይተው ይመጣሉ» ብሎ ማለፍ መፍትሔውን ያደበዝዛል። መንገዱ ቢያንስ አምስት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው በቤት ውስጥ ያለው ጊዜ ነው፤ ሕመምተኛው ብርድ ነው ብሎ እስከሚታገሠው ድረስ። ሁለተኛው እርዳታ መፈለግ ከጀመረበት እስከ ጤና ተቋም ያለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ወጌሻ ያሻል፣ ጸበል ይጠመቃል፣ ከመድኃኒት መደብር ማስታገሻ ይገዛል። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሰ በኋላ በሽታው ሳይጠረጠር የሚያልፈው ጊዜ ነው። አራተኛው ሪፈራል ከተጻፈ በኋላ እስከ ጎንደር ያለው ነው፤ ጎንደር ከዳባት 75፣ ከደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከበየዳ ወይም ከሊማሊሞ ግርጌ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ከደባርቅ በፊት ሌላ ረጅም መንገድ አለ። አምስተኛው በሆስፒታሉ ውስጥ በምርመራ፣ በቀጠሮና በመድኃኒት ፍለጋ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ከአምስቱ መካከል በአነስተኛ ወጪ ሊያጥር የሚችለው ሦስተኛው ነው፤ ሕመምተኛው በዚያን ጊዜ በራሱ ድካም መጥቶ ከባለሙያ ፊት ተቀምጧልና። በሥራ ብዛት በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ግን ለመገጣጠሚያ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ማዘዝ ቀላሉ መንገድ ነው። ሕመምተኛው ጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፣ ይመለሳል፣ ሌላ ባለሙያ ያገኘዋል፣ ተመሳሳይ መድኃኒት ይታዘዝለታል። እያንዳንዱ ጉብኝት ለብቻው ሲታይ ተገቢ ውሳኔ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ጉብኝቶቹ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዴክሳሜታዞን መርፌ ወይም ያለ ክትትል የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ነው። እብጠቱን በፍጥነት ስለሚያጠፋ በሽታው የተፈወሰ ያስመስላል፤ ውሎ ሲያድር አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ጥያቄውን በሰው ቋንቋ መጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የቅድመ ሪፈራል መመሪያ ከሦስት ምልክቶች አንዱ እንኳ ቢገኝ ሕመምተኛው ወደ ስፔሻሊስት እንዲላክ ይመክራል፦ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፣ የእጅ መዳፍ ወይም የእግር ጣቶች መነሻ ሲጨበጥ ካመመ፣ የጠዋቱ መተሳሰር 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ። ለእነዚህ ሦስቱ ላቦራቶሪም ኤክስሬይም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጉት ጆሮና እጅ ናቸው።

መሣሪያው ግን እንዳለ ተተርጉሞ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም። በብርድ አገር ጠዋት መተሳሰር የሁሉም ሰው ልማድ ነው፤ «ጠዋት ይይዝዎታል?» ተብሎ የሚጠየቅ አዛውንት ሁልጊዜ «አዎን» ይላል። ልዩነቱ የሚገኘው በቆይታውና በዕለት ሥራው ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። የቆይታው ልክ ደግሞ በሰዓት ከመጠየቅ በቀኑ ሥራ ቢጠየቅ ይሻላል፦ «እጅዎ የሚፍታታው እሳት አንድደው ሲጨርሱ ነው ወይስ ፀሐይ ሞቃ ከብት ከተሰማራ በኋላም እንደ ታሰረ ነው?» «ላሟን ማለብ ከተውሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» «የእንስራውን ጆሮ መጨበጥ ትችያለሽ?» «ዕረፍት ስታደርጊ ይሻልሻል ወይስ ሥራ ስትጀምሪ?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ነው። በሥራ የደከመ መገጣጠሚያ በዕረፍት ይሻለዋል፤ በብግነት የተያዘው ግን ከዕረፍት በኋላ ይብስበታል፣ በእንቅስቃሴም ይፍታታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ እነዚህን ጥያቄዎች ከቤት ወደ ቤት ሊያደርስ የሚችል የሰው ኃይል በየቀበሌው አለ። ባለሙያዋ በሽታውን እንድትመረምር አይጠበቅባትም፤ ያበጠውንና የተሳሰረውን እጅ ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልክ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ አንድ ቀላል ደንብ ሊኖረው ይገባል፦ በሦስት ወር ውስጥ ለመገጣጠሚያ ሕመም ለሁለተኛ ጊዜ ማስታገሻ የሚታዘዝለት ሰው ሁለቱም እጆቹ ሳይዳሰሱና ውጤቱ በካርዱ ላይ ሳይጻፍ አይሸኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ ባለሙያው ከምልክት ተነሥቶ ወደ ውሳኔ እንዲሄድ የተዘጋጀ ስለሆነ ይህን ደንብ ለማስተናገድ አመቺ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን መጠንቀቅ የሚገባቸው ሁኔታዎች አሉ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎና ትኩሳት ጨምሮ ከመጣ መግል የቋጠረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መላክ አለበት። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ የሚያመው ልጅ የሩማቲክ ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ትልቁ ሥጋት ለልብ ነው። ያልተፈላ ወተት በሚጠጣበት የከብት አርቢ ቤተሰብ ደግሞ ብሩሴሎሲስ ሊታሰብ ይገባል።

የላቦራቶሪ ውጤት የሚያሳስትበት ጊዜ

ብዙ ባለሙያዎች የሩማቶይድ ፋክተር ምርመራን የመጨረሻ ዳኛ አድርገው ይመለከቱታል። ይህ በሁለት በኩል ያሳስታል። አንደኛ፣ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ጥቂት የማይባሉት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤታቸው ኔጌቲቭ ነው፤ እነርሱን «የለብሽም» ብሎ መሸኘት መዘግየቱን በላቦራቶሪ ማኅተም ማጽደቅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ የጉበት ቫይረስንና ካላዛርን የመሳሰሉ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሕመሞች ውጤቱን ፖዘቲቭ ያደርጋሉ። ከስሜንና ከዳባት ደጋ በየዓመቱ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የሚመለስ ወጣት ብዙ በመሆኑ፣ በዚህ አካባቢ የካላዛር ጉዳይ የመጽሐፍ ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲው የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል መኖሩም የችግሩን ክብደት ያሳያል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ውጤት ያለ እብጠት ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ ኔጌቲቭ ውጤትም ያበጠን እጅ አይሽርም።

መድኃኒቱና ጥንቃቄው

የሕክምናው ምሰሶ ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ መድኃኒት አሮጌ፣ በአንጻራዊነት ርካሽ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ውስጥ ለመገጣጠሚያ በሽታ ተብሎ የሰፈረ ነው። ከአዳዲሶቹና እጅግ ውድ ከሆኑት የሥነ ሕይወት መድኃኒቶች በፊት የሚሰጠውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በግላስጎው የተደረገ ጥናት በነባር መድኃኒቶች ብቻ ተጠቅሞ ሕመምተኞችን በየወሩ እየተከታተለ መጠኑን ሲያስተካክል፣ ከ18 ወራት በኋላ ከመቶ 65ቱ ከሕመሙ ምልክቶች አርፈው ተገኝተዋል፤ በተለመደው ክትትል ከታከሙት ግን እዚህ የደረሱት ከመቶ 16 ብቻ ነበሩ። ክትትሉን ያከናወኑት ስፔሻሊስቶች መሆናቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ልዩነቱን የፈጠረው የመድኃኒቱ ውድነት እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

«ይህን መድኃኒት ወደ ገጠር ማውረድ አደገኛ ነው» የሚለው ተቃውሞ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል፤ በስሕተት በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ጽንስን ይጎዳል፤ ጉበትንና የደም ሕዋሳትን ሊያውክ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ አልኮል ጉዳቱን ያባብሳል። ይሁን እንጂ እነዚህ አደጋዎች የሚታወቁና የሚጠበቁ ናቸው። ክኒኑ የአንድ ወር ብቻ ተቆጥሮ ይሰጥ፤ የሚዋጥበት ቀን በሰንበት ወይም በገበያ ቀን ላይ ይታሰር፤ ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይጨመር፤ መጽሐፍ ለማታነብ ሕመምተኛ ከቤተሰቧ አንድ ኃላፊ ይሰየም። ስለ ጠላና ስለ አረቄ በግልጽ ይነገር። ልጅ ልትወልድ ለምታስብ ሴት ሳልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን አማራጭ ይሆናሉ። መድኃኒቱን የሚያስጀምረው ሐኪም መሆን ይኖርበታል፤ ከመጀመሩ በፊትም የሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል። ክትትሉን ግን የሠለጠነ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ሊመራው ይችላል። ለዚህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሜቶትሬክሴትን ለካንሰር ሕክምና ብቻ የሚፈለግ አድርጎ እንዳያየው፣ ሆስፒታሎችም ፍላጎታቸውን አስቀድመው እንዲያሳውቁ ማድረግ ነው።

ከሚጥል በሽታ ሕክምና የተገኘ ልምድ

ይህ ሐሳብ በጎንደር ምድር አዲስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲመሠረት ዓላማው ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ከዚያ በኋላም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙን የመሳሰሉ የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዙ የሳውዝሃምፕተን ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን የሚጥል በሽታንና ሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞችን በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች አማካይነት የማከም ሥራ ጀመሩ። ቀድሞ በርቀትና በወጪ ምክንያት ሕክምናቸውን ያቋርጡ የነበሩ ሰዎች ፌኖባርቢታልን ከቀዬአቸው አቅራቢያ ማግኘት ቻሉ፤ ስፔሻሊስቶቹም ጣቢያዎቹን በየጊዜው እየጎበኙ አስቸጋሪዎቹን ሕመምተኞች ያዩ ነበር።

የሚጥል በሽታና የመገጣጠሚያ ብግነት ሁለት ነገር ያመሳስላቸዋል። ሁለቱም ለዓመታት የማይቋረጥ ርካሽ ክኒን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ሕመምተኛውን ቶሎ ሳይገድሉ ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ ያወጡታል። ልዩነታቸው ሜቶትሬክሴት የደም ምርመራ መጠየቁ ነው፤ ይህን የዳባት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና የደባርቅ ሆስፒታል እንዲሸፍኑት ማድረግ ይቻላል። አስተማማኙ ቅንብር የሚከተለው ይመስላል፦ ጤና ኬላ ይለያል፣ ጤና ጣቢያ ይዳስሳል፣ የደባርቅና የዳባት ሆስፒታሎች ይመረምራሉ፣ በጎንደር ያለው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት በስልክና በእጅ ፎቶግራፍ ተማክሮ ይወስናል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭት ምክንያት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የታየው ችግርም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ በጎንደር ጉዞ ላይ ከተንጠለጠለ መንገዱ ሲዘጋ ይቋረጣል።

ወጌሻንና ጸበልን በተመለከተ የሚደረገው ክርክርም አቅጣጫውን ቢያስተካክል መልካም ነው። ሰዎች ወደዚያ እንዳይሄዱ መከልከል ለሕመምተኛው ሁለት ወዳጆቹን ማጣላት ይሆንበታል። ይልቁንም ወጌሻው «ያበጠ አንጓ አይታሽም» የሚለውን እንዲያውቅ፣ ካህናቱም ጸበሉን የሚጠመቀው ክኒኑን እንዳያቋርጥ እንዲመክሩ ማድረግ መዘግየቱን ከሚያሳጥሩት መንገዶች አንዱ ነው።

ከዳባት የሚጠበቀው ጥናት

የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመ ሲሆን ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ከቤት ወደ ቤት እየመዘገበ ኖሯል። የሞት ምክንያትንም በቃለ መጠይቅ ያጣራል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ግን ከተፈጥሮው ሰውን የሚገድለውን በሽታ አጉልቶ ያሳያል፤ ሳይገድል እጅን የሚያስረው ሕመም ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ያልተመዘገበ ሕመም ደግሞ በበጀትም፣ በሥልጠናም፣ በመድኃኒት ግዥም ውስጥ ቦታ አያገኝም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከዚህ ሦስት ተግባራዊ የጥናት ርእሶች ይወጣሉ። አንደኛው፣ በክትትል ጣቢያው መደበኛ ዙር ላይ ስለ እጅ እብጠትና ስለ ጠዋት መተሳሰር ጥቂት ጥያቄዎችን ጨምሮ፣ ምልክቱ የታየባቸውን በሐኪም ዳሰሳ ማረጋገጥ ነው። በዚህም የበሽታው ስርጭትና ከላይ የተጠቀሱት በቀን ሥራ የሚለኩ ጥያቄዎች አስተማማኝነት በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። ሁለተኛው፣ በጎንደር ሆስፒታል ሕክምና የጀመሩ ሰዎች ያለፉበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከትሎ፣ ስንት ሳምንት በየትኛው የመንገዱ ክፍል እንደ ጠፋ መለካት ነው። ሦስተኛው፣ በተወሰኑ ጤና ጣቢያዎች የሁለተኛውን ማስታገሻ ደንብ ሥራ ላይ አውሎ ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ነው። በሚለካው ውጤት ላይ የሪፈራል ብዛት ብቻ ሳይሆን ያለ በቂ ምክንያት የተላከው ሰው ቁጥርም ሊካተት ይገባል፤ ያለ አግባብ ወደ ጎንደር የተጓዘ ሕመምተኛ ገንዘቡንና የእርሻ ቀኑን ከፍሏልና። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሕመምተኞቹ ቅርብ በመሆናቸው በሦስቱም ጥናቶች ላይ ተካፋይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የስሜን ብርድ አይለወጥም፤ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድም አያጥርም። ሊያጥር የሚችለው ሕመምተኛው ከባለሙያ ፊት ከተቀመጠ በኋላ በከንቱ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ዛሬውኑ በአገሩ ውስጥ አሉ፦ በየቀበሌው የምትጠይቅ ባለሙያ፣ በጤና ጣቢያው የሚዳስስ እጅ፣ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ ርካሽ መድኃኒት፣ ሥር የሰደደ ሕመምን በገጠር ያከመ ዩኒቨርሲቲ፣ ቤት ለቤት የሚመዘግብ የምርምር ጣቢያ። የጎደለው እነዚህን የሚያያይዝ ውሳኔ ነው። የዞኑ ጤና መምሪያና የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የጤና ሳይንስ ክፍሎች በሁለት ወይም በሦስት ጤና ጣቢያዎች ሥራውን ቢጀምሩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሐሳቡ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ በቁጥር መናገር ይቻላል።